የዝሆን ራስ የደፋው ንጉሥ

ልጅ እያለሁ ሁለት ቤተሰብ የሚግባባው በእኔና በናሂድ አፍ ነበር። ኮሎምበስ ከተማ፣ ሊንደን ሰፈር ውስጥ፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ መስመር ገባ ብሎ፣ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ አፓርትመንት ነበር፤ ታች እኛ፣ ከበላያችን እነ ናሂድ። እኛ በሱዳን በኩል የመጣን ነን፤ እነሱ ደግሞ የአፍጋኒስታንን ጦርነት ሸሽተው በፓኪስታን በኩል የመጡ። ናሂድ የምትኖረው ከአባቷና ከአያቷ ጋር ነበር። አባቷ ከባድ መኪና ስለሚነዳ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እናቷ ገና ፓኪስታን፣ ፔሻዋር ከተማ ሆና ቪዛ ትጠብቃለች። አያቷን ሁላችንም ቢቢ እንላቸዋለን፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እናቴ ግን ያለ ማዕረግ መጥራቱ ከብዷት "እትዬ ቢቢ" ነበር የምትላቸው።

ቢቢ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ እናቴም አትችልም። ስለዚህ ቢቢ በቋንቋቸው በዳሪ ለናሂድ ይናገራሉ፣ ናሂድ በእንግሊዝኛ ለእኔ ትነግረኛለች፣ እኔ በአማርኛ ለእናቴ። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። አንዲት "እንዴት አደራችሁ" ደርሳ እስክትመለስ ሻዩ ይቀዘቅዝ ነበር። እኔና ናሂድ በአንድ ክፍል የምንማር የዘጠኝና የዐሥር ዓመት ልጆች ነበርን፤ ሥራውን እንጠላው ነበር። እኛ የምንፈልገው ውጭ ወጥተን ገመድ መዝለል፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ቅልልቦሽ መጫወት ነው። ቅልልቦሽ ባገሯ ሌላ ስም አላት እንጂ ጨዋታዋ አንድ ናት፤ ናሂድ እንዲያውም ከእኔ ትበልጥ ነበር። የዚያ ደረጃ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ከላይ የእነሱ ሩዝና ሄል፣ ከታች የእኛ ቁሌት፣ በመሃል ያረጀ ምንጣፍ።

አባቴ አዲስ አበባ እያለ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ ብር ሠሪ ነበር። ኮሎምበስ ግን መሃል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ያጥባል፣ ያጥፋል። መዶሻውን፣ ጉጠቱንና ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ በስደቱ ሁሉ ይዟቸው ነበር። በእረፍቱ ቀን የኩሽናውን መስኮት ከፍቶ፣ ከሀርድዌር ስቶር በገዛት የጋዝ ቶርች ለዚህም ለዚያም ሐበሻ የተሰበረ የጆሮ ጌጥ ይበይዳል። እሳት ሲነሳ ፊቱ ይለወጣል፤ አንሶላ የሚያጥፈው ሰውዬ አይመስልም።

ታናሽ ወንድሜ ሳሙኤል በተወለደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ቢቢ ወደ እኛ ወረዱ። ሆስፒታል ገብተው ሆዳቸውን ሊቀደዱ እንደሆነ እናውቅ ነበር። የዚያን ቀን ሕፃኑን ትንሽ ካቀፉት በኋላ እናቴ አጠገብ ተቀመጡ፣ ከጡታቸው ሥር አንዲት የተቋጠረች ጨርቅ አወጡ፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱ። ውስጡ አንድ ጥንታዊ የብር ገንዘብ ነበር፤ ወፍራም፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ጥቁረት የጋጠው። አንድ ፊቱ ላይ ንጉሥ አለ። ዘውድ በማድረግ ፈንታ የዝሆን ራስ ነው የደፋው፤ ኩምቢው ከግንባሩ ላይ ወደ ላይ ተነሥቷል፣ ጥርሶቹ ወደፊት ወጥተዋል። ንጉሡ ወጣት ነው፣ አገጩ ጠንካራ፣ አፉ ሊናገር እንደተዘጋጀ ሰው አፍ።

ቢቢ ገንዘቡን እናቴ መዳፍ ላይ አኖሩትና ጣቶቿን በሁለት እጃቸው አጥፈው ያዙ። ከዚያ ተናገሩ። ብዙ ነው የተናገሩት። ሕፃኑን እያዩ፣ ናሂድን እያዩ፣ አንድ ጊዜም ወደ ጣራው ቀና ብለው። ናሂድ ጫማዋን ታያለች። ያን ጊዜ ነው ከመንገዱ ጫፍ የአይስክሬም መኪናው ሙዚቃ የተሰማው። ያ መኪና በእኛ ሰፈር ብዙ አይቆምም ነበር፤ ካልሮጡ ያልፋል።

"ሺ ሴይስ ኪፕ ኢት" አለች ናሂድ።

ያን ሁሉ ንግግር ይህቺ አጭር ቃል እንደማትመጥነው ልጅም ብሆን ታውቆኛል። ግን አልጠየቅኋትም። ወደ እናቴ ዞሬ "ያዙት ይላሉ" አልኳት። እናቴ ግራ ተጋባች፤ በአማርኛችን ያዙት ብሎ መስጠትም አለ፣ ያዙት ብሎ ማስቀመጥም አለ። "ለልጁ ነው?" አለችኝ። እግሬ በሩ ጋ ደርሷል፣ ሙዚቃው እየቀረበ ነው።

"አዎ" አልኳት።

እናቴ ከአራስ አልጋዋ ተነሥታ የቢቢን እጅ ሳመች፣ ትከሻቸውን ሳመች። ቢቢም እንባቸው መጣ፤ እናቴን ደጋግመው ሳሟት። እናቴ ስጦታ የተቀበለች መስሏት ነው የምታለቅሰው፣ እሳቸው አደራ ያስቀመጡ መስሏቸው። እኔና ናሂድ ሮጠን መኪናው ላይ ደረስንበት። እኔ ብርቱካን ቀለም ያለውን ነው የበላሁት፤ ምላሴ ሳይቀር ቀልሞ ነበር።

ቢቢ ሆስፒታል ገቡ። ናሂድን አባቷ ከከተማው ማዶ አክስቷ ቤት ወሰዳት። ላይኛው ቤት ጸጥ አለ።

አባቴ ገንዘቡን ሲያይ በጥፍሩ ነካው፣ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ድምፁን ሰማ፣ እንደገና አነሣው። "ይህ ንጹሕ ብር ነው" አለ። "ከጠገራ ብርም ይነጻል።" ከዚያ ገለበጠው። በጀርባው ራቁቱን የቆመ ጎልማሳ አለ፤ በአንድ እጁ ዱላ ይዟል፣ በሌላው አክሊል በገዛ ራሱ ላይ ያኖራል። ዙሪያውን ፊደል ነው። አባቴ አፈረ መሰለኝ፣ ቶሎ መለሰው። እናቴ ለክርስትናው መስቀል እንዲሆን ትፈልግ ነበር። አባቴ መጀመሪያ አመነታ፤ ቀዳዳ በስቼ እንዳለ ላንጠልጥለው ይሆን አለ። እናቴ ግን ራቁቱን የቆመ ሰው ባንገቱ አድርጎ ልጄ ክርስትና አይነሣም አለች። እሱም እውነትሽን ነው አላት።

በማግስቱ አቀለጠው። ብሩ ላይ የሚነሰነሰው የቦራክስ ዱቄት ሲፈላ የሚሸተው ሽታ፣ የቶርቹ ጩኸት፣ የመስኮቱ መጋረጃ ሲውለበለብ ይታወሰኛል። ብር ወዲያው አይቀልጥም፤ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ላዩ ላብ እንዳጠመቀው ፊት ያብረቀርቃል። የዝሆኑ ኩምቢ ቀድሞ ሄደ። የንጉሡ አፍንጫ፣ ከንፈሩ፣ አንድ ጊዜ ሁሉም ፈገግ ያለ መሰለና ክብ ጠብታ ሆነ፤ ማቅለጫው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይንከባለላል። የወጣው መስቀል ያምር ነበር። አባቴ አሜሪካ ከመጣ ወዲህ እንደዚያ የሚያምር ነገር አልሠራም። ሳሙኤል በአርባ ቀኑ፣ ከሌላ ስቴት ተጋብዘው በመጡ ቄስ እጅ፣ በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ክርስትና ተነሣ፤ መስቀሉ በነጭ ማተብ ታሰረለት።

ቢቢ ዳኑ። ከስተው፣ አንድ እጃቸው ሆዳቸው ላይ፣ ናሂድን ተደግፈው ወደ እኛ ወረዱ። እናቴ ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ትራስ አመጣች፣ ሾርባ አሞቀች። ሕፃኑን መረቁት፣ በጣቶቻቸው ፊቱን ዳበሱ። ከዚያ ፈገግ ብለው አንድ ነገር አሉ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ። ናሂድ ወደ እኔ ዞረች። አያቴ ገንዘቧን ልትወስድ መጥታለች አለችኝ።

እናቴ "ምን አሉ?" አለች። ናሂድን አየኋት። "ምን አሉ፣ መቅዲ?" አለች እንደገና። "ያስቀመጡትን ብር ስጡኝ ይላሉ" አልኳት። የእናቴ እጅ በቀጥታ ወደ ሕፃኑ አንገት ሄደ።

አባቴ ከኩሽና ወጣ። ሰምቷል። የሳሙኤልን ማተብ ከአንገቱ አውጥቶ መስቀሉን ቢቢ መዳፍ ላይ አስቀመጠው፤ ማተብ ከአንገት ማውጣት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። "ንገሪያት" አለኝ፤ ለናሂድ ማለቱ ነው። "አባቴ ነው ያቀለጠው በይ። ስጦታ መስሎት ነው በይ። እንዳልኩሽ በይ፣ አታሳጥሪ።"

አልኩ። ናሂድም አለች። ቢቢ መስቀሉን አዩት፤ ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ንጉሡን እዚያ የሚፈልጉት መሰለኝ። ቀጥለውም ማተቡን በራሳቸው እጅ ሕፃኑ አንገት ላይ መለሱት፣ ብርድ ልብሱንም እስከ አገጩ ሳቡለት። ናሂድ የተረጎመችልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ልጁን በርዶታል፣ አልብሱት" ብለዋል። ናሂድን ተደግፈው ደረጃውን ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ያ ነው የባሰው። "ለልጁ ነው አላሉም ነበር?" አለችኝ። "እንደዚያ የሰማሁ መስሎኝ ነው" አልኩ። ምንም አልሰማሁም ነበር። አባቴ "ልጅ ናት፣ ተያት" አላት። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ "አደራ በላ ሆንን" እያለች አለቀሰች። በእኛ አገር አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ሌባ ከመባል ይልቅ አደራ በላ መባል ይከብዳል፤ ሌባ ያላመነውን ሰው ነው የሚሰርቀው። እኔ አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ትራሴን ነከስኩ። ሄጄ "እኔ ነኝ፣ ሳልጠይቅ ነው አዎ ያልኩት" ልላቸው ስንት ጊዜ ተነሣሁ፣ ተመልሼ ተኛሁ።

በዚያ ክረምት፣ በረዶ ሳይጥል፣ አባቴ የሚሠራበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የጥንት ገንዘብ ነጋዴዎች ተሰብስበው ነበር። አባቴ ቅዳሜ ዕለት ካፖርቴን አልብሶ በአውቶቡስ ወሰደኝ፤ የሚተረጉምለት ሰው ፈልጎ ነው። ማጉያ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌዎች በየጠረጴዛው አጎንብሰዋል። አባቴ የሠራተኛ ዩኒፎርሙን ሳይለብስ በዚያ አዳራሽ እንደ እንግዳ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በመጨረሻ አንድ የመስተዋት ሣጥን ፊት ቆመ። የዝሆን ራስ የደፋው ንጉሥ ከታች ሆኖ ያየናል። የእኛ አይደለም፤ የዚህኛው አንገት ወፈር ይላል፣ ኩምቢው ትንሽ ተቆርጧል። ግን ወንድሙ ነው።

ነጋዴው ቀይ ጢም ያለው፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። የዚህ ንጉሥ አባቶች ግሪኮች ናቸው አለን። አንድ ወጣት ድል አድራጊ ተከትለው እስከ ምድር ዳርቻ የሚያህል መንገድ ወደ ምሥራቅ ሄደው፣ ከአፍጋኒስታን ተራሮች ሥር ሰፈሩ፤ ወዳገራቸው የሚመልሳቸው መንገድም ተዘጋባቸው። እዚያው ወለዱ፣ ነገሡ፣ በአባቶቻቸው ፊደል ብር አተሙ። ታሪካቸውን የጻፈላቸው ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከነገሥታቱ መካከል ፊታቸው የሚታወቀው ከመሬት በሚወጣው በዚህ ብር ብቻ የሆነ አሉ። እያንዳንዱን ቃል ለአባቴ ተረጎምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም።

አባቴ ጥቂት አሰበና "ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው ወይ፣ ጠይቂው" አለኝ። ቢያንስ ሌላ የሚተካው አለ ለማለት ነው። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፤ በመዶሻ በእጅ የሚመቱ ናቸው፣ ሁለት አንድ ዓይነት የለም አለ። አባቴ መልሱን ሳልተረጉምለት ገባው። የመዶሻ ነገር ለእሱ አይተረጎምም። ዋጋውንም ጠየቅሁለት፤ ሲነግረኝ አባቴ አመሰግናለሁ ብሎ ካፖርቱን ቆለፈ።

አውቶቡስ ውስጥ እየተመለስን፣ መስኮቱ በትንፋሽ ደፍኖ፣ "አባዬ" አልኩት። "አቤት" አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "ምንም" አልኩ።

አባቴ ከእናቱ የወረሳት አንዲት ጠገራ ብር ነበረችው፤ ከስደት ሁሉ ያተረፋት። እሷን አቀለጠ። ሆቴል እየዋለ ማታ ማታ ስንት ሳምንት እንደሠራ እንጃ፣ ከትዝታው ያንን ንጉሥ ቀረጸ። ግን አባቴ የለመደው መስቀልና ሐረግ ነው፤ የሰው ፊት የሚያውቀው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። ንጉሡ ዓይኑ እንደ ቅዱሳን ትልቅና ክብ ሆኖ ወጣ። ዝሆኑም አህያ መሰለ። አባቴ እያፈረ፣ ራት ሰዓት ላይ እኔን አስከትሎ ወደ ላይ ወጣና በሁለት እጁ ሰጣቸው። ቢቢ ብርሃን ጋ አስጠግተው አዩት። ከዚያ ሳቁ። የተሰፉበትን ሆዳቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ናሂድም ሳቀች፣ አባቴም ሳይወድ ሳቀ። ጨርቃቸው ውስጥ ቋጠሩት። ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው ወደ እኛ ይወርዱ ነበር፣ ሳሙኤልንም ያዝሉት ነበር። ግን ምንም ነገር አስቀምጡልኝ ብለውን አያውቁም። እናቴ ይህን ታስተውል ነበር፤ እኔም እናቴ ስታስተውል አስተውል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የናሂድ እናት መጣችና ሁሉም ተጠቃለው ካሊፎርኒያ ገቡ። ጥቂት ጊዜ ተጻጻፍን፤ ከዚያ ልጅነት ነውና ተረሳሳን። እናቴ ከስድስት ዓመት በፊት አረፈች፤ ያቺን "አዎ" ሳልነግራት።

ባለፈው መስከረም ናሂድ በፌስቡክ አገኘችኝና ኮል አደረገችኝ። ድምፅዋ ጎርንኗል። ልጆቿ ኮሌጅ ናቸው፣ ቢቢ ካረፉ ቆይተዋል። ትንሽ ካወራን በኋላ ስትፈራ ስትቸር የነገረችኝ ይህን ነው። ገንዘቡን የቢቢ ቅድመ አያት አፍጋኒስታን ውስጥ፣ ባልኽ ከተማ አጠገብ ማሳ ሲያርሱ ነው ያገኙት፤ ከእናት ወደ ልጅ በሠርግ ቀን ይተላለፍ ነበር። ቢቢ ለእናቴ ያሉትም "ከሆስፒታል በሕይወት ካልወጣሁ ለናሂድ ሠርግ ስጪልኝ፤ እናቷ ሩቅ ናት፣ እናት ሁኛት" ነበር። ናሂድ "ካልወጣሁ" የሚለውን በአፏ ማውጣት አቃታት። ካልኩት የሚሆን መሰለኝ አለችኝ። ስለዚህ ኪፕ ኢት ብላ አሳጠረችው። ዕድሜዋን ሁሉ የአባትሽን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ እያለች ኖራለች።

እኔም የራሴን ነገርኳት፤ የአይስክሬሙን መኪና፣ እናቴ ስትጠይቀኝ ያልኩትን። "እና ለምን አብረን አላወራነውም?" አለች ናሂድ። ስልኩ ሲዘጋ ሰውነቴ ሁሉ ቅልል ብሎኝ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ያች የዐሥር ዓመት ልጅ ሞትን ፈርታ ነው ያሳጠረችው፣ እኔ ለብርቱካን አይስክሬም ነው።

እሑድ ኢስትሙር ሰፈር፣ አባቴ ቤት ሄድኩ። ሳሙኤል ኢስተን ገበያ ማዕከል ካለው ሥራው ወጥቶ እስኪመጣ ብቻችንን ነበርን። አባቴ አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሻዩን እኔ ነኝ የምይዝለት። ሁሉንም ነገርኩት። የናሂድን፣ የእኔን፣ እናቴን መዋሸቴን። እያየኝ አዳመጠ። ጨርሼ ስጠብቅ፣ "እናንተማ ልጆች ነበራችሁ" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "እኔ ግን እጄ ነግሮኝ ነበር" አለ። "እንደዚያ ያለ ብር ለጎረቤት ልጅ በስጦታ አይሰጥም። ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ድምፁን ስሰማ አውቄያለሁ። ወደ ላይ ወጥቼ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ስንት ዓመት አንሶላ ሳጥፍ ኖሬ ያን የመሰለ ብር እጄ ሲገባ፣ ልሠራው ፈለግሁ። መልሰው እንዳይወስዱብኝ ፈራሁ።"

እናታችን ይህን ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። አታውቅም አለ።

ያን ጊዜ አዋቂዎቹ ሁሉን የሚያውቁ ይመስለን ነበር፤ እኛ ልጆቹ ብቻ ሆዳችን ውስጥ ድንጋይ ይዘን የምንዞር። ዛሬ እኔ ያን ጊዜ ከነበረው የአባቴ ዕድሜ አልፌያለሁ። ዛሬ ስልኩ ሁሉን ይተረጉማል፤ ልጆቼ እንኳን ጎረቤታቸውን በስም አያውቁትም፤ በሁለት ቤት መካከል የሚላላክ ልጅ የለም። ለእነሱ ደስ ይለኛል። ግን ያ ደረጃ ይናፍቀኛል፤ ያ ሽታ፣ ያ ሻይ እስኪቀዘቅዝ የሚጠበቅ ሰላምታ።

አባቴ ናሂድ ጋ ደውይልኝ አለኝ። ስፒከር ላይ አደረግሁት። ናሂድ ስታነሣ አባቴ በገዛ እንግሊዝኛው "ሄሎ፣ ናሂድ" አላት። ከዚያ እንድተረጉምለት ወደ እኔ ዞረና በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።